ያልታደሰ ኦቶሞቢል ለሽያጭ ሲቀርብ

በተባበሩት የአሜሪካ መንግሥታት በሚወጡ የኦቶሞቢል መሸጫ ማስታወቂያዎች ላይ «ያልታደሰ» የሚለው ቃል እንደ ነውር ሳይሆን እንደ ማዕርግ ከዕቃው ስም በፊት ተጽፎ ይታያል። በሌላው የንግድ ዓይነት ዕቃን አጥቦና አሳምሮ ለገዢ ማቅረብ የሻጭ የመጀመሪያ ተግባሩ ነው። ስለዚህ ቀለሙ የተሰነጣጠቀ፣ የወንበሩም ልብስ ያረጀ ኦቶሞቢል አንዳንድ ጊዜ በሚገባ ከታደሰው ጓደኛው የበለጠ ዋጋ ሲጠየቅበት የሚያይ ነጋዴ ቢደነቅ አይፈረድበትም። ነገሩ ግን የባለጸጎች ቅብጠት ብቻ አይደለም። የራሱ የሆነ የንግድ ምክንያት አለው፤ ምክንያቱን ያልተረዳ ሻጭም በገዛ ገንዘቡ የገዛ ዕቃውን ዋጋ ሲያወርድ ይገኛል።

ለዚህ ጉዳይ ጥሩ አስረጅ የሚሆነው የሼቭሮሌት ሥራ የሆነው ኮርቬት ነው። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) የጄኔራል ሞተርስ ኩባንያ ይህን ባለ ሁለት መቀመጫ የስፖርት ኦቶሞቢል መጀመሪያ ለሕዝብ ያሳየው በጃንዋሪ 1953 በኒው ዮርክ ከተማ በዋልዶርፍ አስቶሪያ ሆቴል ነበር። በዚያው ዓመት በሚሺጋን ክፍለ ግዛት በፍሊንት ከተማ የተሠሩት 300 ብቻ ሲሆኑ፣ ሁሉም ከውጭ ነጭ፣ ከውስጥ ቀይ ነበሩ። አካላቸውም ከብረት ላሜራ ሳይሆን ፋይበርግላስ ከሚባለው፣ ከመስታወት ክርና ከሙጫ ከሚበጀው ነገር የተሠራ ነበር። በ1954 ሥራው ወደ ሚዙሪ ክፍለ ግዛት፣ ወደ ሴንት ሉዊስ ከተማ ተዛውሮ 3,640 ተሠሩ፤ ገዢ ግን እንደ ታሰበው ስላልተገኘ በ1955 የወጡት 700 ብቻ ናቸው። ዛሬ በውድ ዋጋ የሚፈለገው ዕቃ በተወለደበት ዘመን ከመጋዘን አልወጣ ብሎ እንደ ነበር ነጋዴ የሆነ ሰው ልብ ሊለው ይገባል።

ሁለተኛው ትውልድ «ስቲንግ ሬይ» የሚል ስም ተሰጥቶት ለ1963 ዓመት ሲወጣ፣ የባለ ጣራው ዓይነት የኋላ መስታወት ከመካከሉ በሚወርድ ጠባብ አጥንት ለሁለት የተከፈለ ነበር። የንድፍ ክፍሉ ሹም ቢል ሚቸል ይህ አጥንት የቅርጹ ዋና ውበት ነው ሲል፣ መሐንዲሱ ዞራ አርኩስ ደንቶቭ በበኩሉ የነጂውን የኋላ እይታ ይከለክላል ብሎ አጥብቆ ተቃወመ። ለአንድ ዓመት የሚቸል ሐሳብ ጸና፤ በ1964 ግን አጥንቱ ቀርቶ መስታወቱ አንድ ወጥ ሆነ። ስለዚህ ባለ ሁለት መስኮቱ ኮርቬት በጠቅላላው 10,594 ብቻ ተሠርቶ ቀረ።

ከዚያ በኋላ የሆነው ነገር ለማንኛውም ሻጭ ትልቅ ትምህርት ነው። አንዳንድ ባለቤቶች ኦቶሞቢላቸው የአዲሱን ዓመት ሞዴል እንዲመስል፣ ወደ ኋላም ደኅና አድርጎ እንዲያሳይ በማሰብ አጥንቱን በመጋዝ አስቆርጠው የ1964ቱን መስታወት አስገጠሙ። በጊዜው ይህ ማበላሸት ሳይሆን ማሻሻል ነበር፤ ጎረቤትም «ደግ አደረግህ» ሳይል አልቀረም። ዛሬ እነዚያን ኦቶሞቢሎች የያዘ ሰው የተቆረጠውን አጥንት እንደገና ለማሠራት ብዙ ገንዘብ ያወጣል፤ ካወጣም በኋላ በእጁ የሚገኘው የተጠገነ ዕቃ እንጂ ያልተነካ ዕቃ አይደለም።

እንግዲህ ያልታደሰ ኦቶሞቢል የሚሸጥ ሰው የሚሸጠው ምንድን ነው? ሞተሩንና ወንበሩን፣ ቀለሙንና ጎማውን የታደሰውም አለው፤ እንዲያውም በተሻለ ሁኔታ ይዞታል። ያልታደሰው ብቻውን የያዘው ነገር ምስክርነት ነው። የማርትሬዛ ብር በኢትዮጵያ ገበያ ይመላለስ በነበረበት ዘመን፣ ተቀባዩ ክብደቱን በእጁ ከመመዘን አልፎ በንግሥቲቱ ጌጥ ላይ ያሉትን ጥቃቅን ዕንቁዎች ይቆጥር ነበር፤ ዕንቁዎቹ ተፍቀው ያገኛቸው እንደ ሆነም ብሩ ብር መሆኑ ባይቀርም አልቀበልም ይላል። የኮርቬት ገዢ የሚያደርገውም ይህንኑ ነው።

የሚቆጥራቸውም ዕንቁዎች የታወቁ ናቸው። በሴንት ሉዊስ የተሠራ የ1963 ባለ ጣራ ኮርቬት የሻንሲ ቁጥሩ በ30837 ይጀምራል፤ 3 ዓመቱን፣ 0837 የአካሉን ዓይነት ያመለክታል፤ ከዚያ የሴንት ሉዊስ ምልክት የሆነው ኤስ የተባለው የላቲን ፊደልና ተራ ቁጥሩ ይከተላሉ። ይህ ቁጥር የተጻፈባት ጠፍጣፋ ብረት በውስጥ በኩል፣ በተሳፋሪው ፊት ካለው የዕቃ ሣጥን በታች ባለው አግዳሚ ላይ በሪቬት ተያይዛ ትገኛለች። በሞተሩም ላይ ከፊት በስተቀኝ በኩል፣ ከቴስታታው ግርጌ በምትገኝ ጠባብ ገጽ ላይ ሞተሩ የተገጣጠመበት ፋብሪካ ፊደል፣ ወሩና ቀኑ፣ የኃይሉን ዓይነት የሚያመለክት ምልክት፣ ደግሞም የሻንሲው የመጨረሻ ቁጥሮች ተመትተዋል። ሁለቱ ቁጥሮች ሊስማሙ፣ የሞተሩም ቀን ኦቶሞቢሉ ከተገጣጠመበት ቀን ጥቂት ሊቀድም ይገባል፤ ዘግይቶ ከተገኘ ሌላ ሞተር ነው። በ1963 ኮርቬት ላይ የሚገጠመው ባለ 327 ኪዩቢክ ኢንች ሞተር ከ250 እስከ 360 የፈረስ ጉልበት ባላቸው አራት ዓይነቶች ይሸጥ ስለ ነበረ፣ በዚያች ገጽ ላይ ባሉት በሁለት ፊደላት የተነሣ የዋጋው ልዩነት ከፍተኛ ነው።

ልዩነት ባለበት ቦታ ሁሉ አታላይ አይጠፋም። ደካማውን ሞተር ብርቱ ለማስመሰል የሚሻ ሰው ያችን ገጽ ልጎ አዲስ ምልክት ይመታባታል። ነገር ግን ፋብሪካው ብረቱን ሲያስተካክል መሣሪያው በገጿ ላይ ትቷቸው የነበሩት ቀጫጭን ትይዩ ጭረቶች አብረው ይጠፋሉ፤ እነዚህን መልሶ ማስመሰል እጅግ አስቸጋሪ ነው። የሚያሳዝነው ደግሞ ክፋት የሌለበት መካኒክም ይህንኑ ማድረጉ ነው። ሞተሩን ፈትቶ ሲያድስ የቴስታታውን መቀመጫ ለማስተካከል ብረቱን ያስልገዋል፤ ያን ጊዜ ቁጥሩም ጭረቱም ይሄዳል። ሥራው ንጹሕ ነው፤ ሞተሩም ከቀድሞው ይልቅ ደኅና ይሠራል። ከዚያ ቀን ጀምሮ ግን ባለቤቱ «ሞተሩ የራሱ ነው» ሲል ቃሉን ከማመን በቀር ገዢው የሚያየው ነገር የለም።

በአካሉም ላይ እንዲሁ ነው። የፋብሪካው የፋይበርግላስ ክፍሎች በወንድና በሴት ቅርጽ መካከል ተጨምቀው የተሠሩ ስለሆኑ ከውጭም ከውስጥም ለስላሶች ናቸው። ከግጭት በኋላ በእጅ ተነባብሮ የተተካው ግን ብዙውን ጊዜ በውስጥ በኩል ሻካራ ሆኖ ይገኛል። ክፍሎቹን ከሥር የሚያያይዙት ጥብጣቦችም ተነክተው እንደ ሆነ ለዐዋቂ ዓይን ይታያሉ። የፋብሪካው ላከር ቀለም ቀጭን ነው፤ ከጊዜ ብዛት ይሰነጣጠቃል፤ ነገር ግን ከሥሩ ስቱኮ እንደሌለ የሚመሰክረው ይኸው ቀጭን ቀለም ነው። ሻጩ ለገዢ ደስ ይበለው ብሎ በላዩ ላይ አዲስ ቀለም ያስቀባ እንደ ሆነ ገንዘብ ከፍሎ ምስክሩን ዝም አሰኘ ማለት ነው። ገዢው አዲሱን ቀለም አይቶ መጀመሪያ የሚጠይቀው «ምን ተደብቆ ነው?» ብሎ ነው፤ መጠየቁም ትክክል ነው።

ይህን ሐሳብ የሰበሳቢዎቹ ማኅበር ራሱ ያጸናዋል። በ1974 የተመሠረተው የኮርቬት አዳሾች ብሔራዊ ማኅበር ስሙ እንደሚነግረን ሥራው ማደስ ነው፤ ኦቶሞቢሎችን የሚመዝናቸውም ከፋብሪካ በወጡበት ሁኔታ መሆን አለመሆናቸውን እየመረመረ ነው። ይህ የአዳሾች ማኅበር ላልታደሱት የተለየ ሽልማት አለው። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ቡሎኑ ምን ዓይነት ቀለም እንደ ነበረው፣ ሽቦው በየት በኩል እንደሚያልፍ፣ ሠራተኛው በጠመኔ ምን ምልክት እንደሚያደርግ ለማወቅ የሚፈልግ አዳሽ ሄዶ የሚያየው ያልተነካውን ነው። የታደሰው ቅጂ ሲሆን ያልታደሰው ዋናው ጽሑፍ ነው። የቅጂው ጽሕፈት ከዋናው ይልቅ ያማረ ሊሆን ይችላል፤ ክርክር ሲነሣ ግን ወደ ፍርድ ቤት የሚቀርበው ዋናው ነው።

ከዚህ በመነሣት አሮጌ ነገር ሁሉ ክቡር ነው የሚል ቢኖር ይሳሳታል። «ያልታደሰ» የሚለው ቃል በአሁኑ ጊዜ ለስንፍናም መሸፈኛ ሆኗል። ፋይበርግላስ ባይዝግም፣ በውስጡ መስታወቱንና በሮቹን የሚሸከመው የብረት አጥንት፣ አሜሪካኖች የወፍ ጎጆ የሚሉት፣ ክፉኛ ይዝጋል። ከሥር ያለው ሻንሲም እንዲሁ። በዝናብ ሥር ሠላሳ ዓመት ቆሞ አጥንቱ የተበላ ኮርቬት ከላይ ሲታይ ሙሉ ይመስላል፤ እርሱ ግን የተጠበቀ ዕቃ ሳይሆን የተጣለ ዕቃ ነው። እንዲህ ያለውን በተጠበቀው ዋጋ ለመሸጥ የሚሞክር ነጋዴ አቧራን በሚዛን እየሸጠ ነው። ሳይታጠብ ከነዶሮ ኩሱ ፎቶግራፍ አንሥቶ ማቅረብም አሁን ፋሽን ሆኗል፤ አቧራው ግን ምንም አይመሰክርም፤ ትናንትና ሊነሰነስ ይችላልና። በለስላሳ ጨርቅና በውኃ ማጠብ የማንንም ምስክርነት አያጠፋም።

ሌላው መታወቅ የሚገባው የሰው ሕይወት ነገር ነው። በ1963ቱ ኮርቬት ላይ አራቱንም ጎማ የሚያቆመው የፍሬን ዘይት የሚገፋው በአንድ መስመር ነው። ከአሮጌ ጎማ የተሠራች አንዲት ቱቦ ብትፈነዳ ፍሬኑ በሙሉ ይጠፋል። ሁለት መስመር ያለው ፖምፓ በሁሉም ላይ መደበኛ የሆነው በ1967 ነው። ስለዚህ ፍሬን፣ ጎማ፣ የቤንዚን ቱቦ የመሳሰሉትን «ዋናው ነው» ብሎ ሳይለውጥ ኦቶሞቢሉን በመንገድ ላይ የሚነዳ ሰው ለቅርስ የተቆረቆረ ሳይሆን ነፍስ የሚያስጠፋ ነው። የሚለወጠው ይለወጥ፤ የወጣው ዕቃ ግን አይጣል። ስሙና ከየት እንደ ወጣ በወረቀት ተጽፎበት፣ በሣጥን ተደርጎ ከኦቶሞቢሉ ጋር ይሸጥ። ብዙ ሻጮች ይህን ሣጥን እንደ ቆሻሻ ይቆጥሩታል፤ ዐዋቂው ገዢ ግን አስቀድሞ የሚጠይቀው ስለ እርሱ ነው።

ማደስና አለማደስ የቱ ጋ እንደሚለያይ በኬንታኪ ክፍለ ግዛት በቦውሊንግ ግሪን ከተማ የደረሰው አደጋ በግልጽ አሳይቷል። በዚያ ባለው ብሔራዊ የኮርቬት ሙዚየም ውስጥ በፌብሩዋሪ 12 ቀን 2014 ንጋት ላይ መሬቱ ተደርምሶ ስምንት ኦቶሞቢሎች ከጉድጓድ ገቡ። ሰው አልነበረምና የተጎዳ የለም። በመጀመሪያ ሁሉም ይታደሳሉ ተባለ። ቀጥሎ ግን ነገሩ በጥሞና ተመርምሮ ሦስቱ ብቻ እንዲታደሱ፣ አምስቱ እንደ ተጨፈለቁ ለሕዝብ እንዲታዩ ተወሰነ። ከታደሱት አንዱ በ1992 የተሠራው አንድ ሚሊዮን የሞላበት ነጭ ኮርቬት ነው፤ የፋብሪካው ሠራተኞች ሲሠሩት በየክፍሎቹ ላይ ስማቸውን ጽፈው ስለ ነበረ፣ አዳሾቹ እነዚያን ፊርማዎች ላለማጥፋት ብዙ ደከሙ። የአምስቱን ጉዳይ ስናይ፣ አዲስ ዕቃ ተሰብስቦ ቢገጠምላቸው ኖሮ የሚገኘው ያው ኦቶሞቢል ሳይሆን ስሙን የወረሰ ሌላ ኦቶሞቢል ይሆን ነበር። ውሳኔው የሚመሰገን ነው። ሁለቱም ወገን የተመራው «ምን ያምራል?» በሚለው ሳይሆን «ምን ይተርፋል?» በሚለው ጥያቄ ነው።

ስለ ሽያጩ ውል ደግሞ ጥቂት መባል አለበት። በአብዛኞቹ የአሜሪካ ክፍለ ግዛቶች በሚሠራበት ዩኒፎርም ኮሜርሻል ኮድ በተባለው የንግድ ሕግ መሠረት፣ ሻጭ ዕቃውን «ባለበት ሁኔታ» ብሎ ቢሸጥ ሕግ በዝምታ ከሚጥልበት የዋስትና ግዴታ ራሱን ሊያወጣ ይችላል። ነገር ግን ዕቃውን ሲገልጽ የተናገረው ወይም የጻፈው፣ ገዢውም ተመክቶበት የገዛው ቃል ራሱ ዋስትና ይሆንበታል። «ሞተሩ የራሱ ነው»፣ «ቀለሙ የፋብሪካው ነው» ብሎ ጽፎ በግርጌው «ባለበት ሁኔታ» የሚል መጨመር ከተጠያቂነት የሚያድን የሚመስለው ሻጭ ብዙ ነው። የማያውቀውን «አላውቅም» ብሎ መጻፍ ይሻለዋል። የማይል ቆጣሪውም ነገር እንዲሁ ነው። በ1963ቱ ኮርቬት ላይ ቆጣሪው ማይሉን የሚጽፈው በአምስት አኀዝ ስለሆነ ከ99,999 በኋላ ወደ ዜሮ ይመለሳል፤ ይህን ያህል ያረጀ ኦቶሞቢል ሲሸጥም የፌዴራሉ ደንብ ሻጩ የቆጣሪውን ቁጥር እንዲያረጋግጥ አያስገድደውም። ስለዚህ «32,000 ማይል ብቻ የሄደ» የሚለው ቃል የቆዩ የጋራዥ ደረሰኞች፣ የመድን ወረቀቶችና የምርመራ ካርዶች ካልተከተሉት ለገዢው ከወሬ አይበልጥም። አንድ ቢጫ የሆነ የዘይት መለወጫ ደረሰኝ፣ ቀንና ማይል ከተጻፈበት፣ ከአዲስ የወንበር ልብስ ይልቅ ዋጋ አለው።

ይህ ሁሉ ለኢትዮጵያዊ ነጋዴ ምን ይጠቅመዋል የሚል ይኖር ይሆናል። እንዲህ ያለውን ኦቶሞቢል ወደ ኢትዮጵያ ለማስመጣት ማሰብ እንደማይገባ ግልጽ ነው። በ2020 የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ በአሮጌ ኦቶሞቢሎች ላይ እጅግ ከባድ ታክስ ጥሏል፤ በ2024 ደግሞ መንግሥት በቤንዚንና በናፍጣ የሚሠሩ የቤት ኦቶሞቢሎች እንዳይገቡ መከልከሉን አስታውቋል። ነገር ግን በአሜሪካ ጋራዥ ከፍተው፣ በአሮጌ ኦቶሞቢል ንግድም ተሰማርተው የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ጥቂት አይደሉም፤ ከአዲስ አበባ ነጋዴዎች ጋር በዝምድናም በገንዘብም የተሳሰሩ ናቸው። እንዲህ ያለ ዕቃ ከእጃቸው የሚገባው በጨረታ አዳራሽ ሳይሆን በሰፈር ነው። አንዲት አሮጊት ጎረቤት የሟች ባሏን ኮርቬት ለመሸጥ ፈልጋ «እባክህ አሳምረህ፣ ቀለም ቀብተህ አዘጋጅልኝ» ትለው ይሆናል።

ያን ጊዜ ባለ ጋራዡ የቀለሙን ሥራ ቢቀበል የአንድ ሳምንት ደመወዝ ያገኛል፤ ሴትየዋ ግን ባሏ የተወላትን ሀብት ትልቅ ክፍል ታጣለች፤ ማጣቷንም ምናልባት ከቶ አታውቅም። ከዚህ ይልቅ ስለ ምክሩና ስለ ድካሙ የተቆረጠ ዋጋ ጠይቋት ብሩሹን ቢያስቀምጥ ለሁለቱም ይበጃል። ሞተሩ ለዓመታት ቆሞ እንደ ሆነ በድንገት አያስነሣው፤ የቆየውን ቤንዚን ያፍስስ። የሞተሯን ገጽ በጨርቅ ብቻ ጠርጎ፣ በብረት ብሩሽ ሳይነካ፣ ቁጥሩንና ጭረቱን ፎቶግራፍ ያንሣ፤ የሻንሲውን ቁጥር ከባለቤትነቱ ወረቀት ጋር ያመሳክር። የተለወጠውንና ያልተለወጠውን በሁለት ዓምድ ይጻፍ። ከዚያም ባሏ ደረሰኞቹንና ከኦቶሞቢሉ የወጡትን አሮጌ ዕቃዎች የት ያስቀምጥ እንደ ነበር ይጠይቃት፤ ቤቱን ለማጽዳት የመጡት ልጆቿ ሣጥኑን ወደ ውጭ ሳያወጡት በፊት።